ለላስታ አየር የሚገጣጠም አውሮፕላን

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ላሊበላን የጎበኘ መሐንዲስ ሁሉ ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በሌላው ዓለም ሕንፃ የሚሠራው ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ነው። የላስታ ጠራቢዎች ግን ከጣሪያው ጀምረው ወደ መሠረቱ ወረዱ። ሥራቸውም መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበረ። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በስሕተት የተፈነቀለውን ድንጋይ መልሶ መትከል አይቻልም። ስለዚህ ጠራቢው መሣሪያውን ከማንሣቱ በፊት የዚያን ቦታ አለት ማወቅ ነበረበት። የት እንደሚጠነክር፣ የት እንደሚላላ፣ የክረምቱ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነበረ።

የዛሬው ንግግር ርእስ ከዚህ ታላቅ ሥራ ጎን ሲቀመጥ እጅግ ትንሽ ነው። ርእሱ፣ በሣጥን ታሽጋ ከውጭ ሀገር የምትመጣ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሠራና በሬዲዮ የምትመራ ሞዴል አውሮፕላን በላስታ ደጋ ላይ እንዴት እንደምትገጣጠም ነው። ነገሩ ለአንዳንዶች የልጆች መጫወቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህች ትንሽ አውሮፕላን የምታነሣው ጥያቄ ለሙያው ትንሽ አይደለም። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በሣጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ የተጻፈው ለየትኛው አየር ነው?

ከዚህ ቀደም የተሠሩትና የተገጣጠሙት

አውሮፕላንን በደጋ ላይ ሠርቶ ወይም ገጣጥሞ ማብረር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የፋሺስት ወረራ በተጀመረበት ዓመት፣ ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስምም «ፀሐይ» ተባለች። ይህች አውሮፕላን በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ ከሮም ብዙ በማይርቀው የቪኛ ዲ ቫሌ የአቪዬሽን ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ከፀሐይ በኋላ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ «አግ-ካት» የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ የእርሻ አውሮፕላን ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በአዲስ አበባ እየገጣጠመ «እሸት» የሚል ስም ሰጣት። እሸት የተርባይን ሞተር የተገጠመላት ነበረች። የተርባይን ሞተር ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ትርፍ አቅም ስለሚሰጥ አየሩ ስስ ለሆነበት ከፍተኛ ቦታ እንደሚስማማ የሙያው ሰዎች ያውቁታል።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም ቢሆኑ ለከፍታው ግብር ይከፍላሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ 3,800 ሜትር ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ አለው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ከከተማው አጠገብ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከተማው ራሱ ግን በ2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጧል። ከከተማው በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ በእግር በሚኬድ ርቀት፣ አውሮፕላንን በሦስት የተለያዩ አየሮች መመዘን ይቻላል ማለት ነው።

በጠረጴዛው ላይ

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ምሳሌው ለስሌት የተዘጋጀ እንጂ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። በላሊበላ የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ውጭ ሀገር ከሚኖር ዘመዱ የሞዴል አውሮፕላን ሣጥን ተላከለት እንበል። አውሮፕላኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር የሆነ፣ ስፋቱ 0.30 ሜትር ካሬ የደረሰ ክንፍ አላት። ከነባትሪዋ 1.1 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ፕሮፔለሯ ዲያሜትሩ 9 ኢንች፣ አንድ ዙር ሲዞር የሚራመደው ርቀት 6 ኢንች ነው። ባትሪዋ ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም ሆኖ 11.1 ቮልትና 2.2 አምፔር ሰዓት ይሰጣል።

ሣጥኑ ሲከፈት ከፎም የተሠራ አካል፣ ሁለት የክንፍ ቁራጮች፣ ክንፉን ከውስጥ የሚያጠነክር የካርቦን ዘንግ፣ አግዳሚና ቋሚ ጅራት፣ መቆጣጠሪያ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱ አራት ሰርቮ ሞተሮች፣ ዋናው ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስን የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያና ተቀባይ ሬዲዮ ይወጣሉ። ጥንቁቅ ገጣጣሚ ሙጫ ከመክፈቱ አስቀድሞ ሁሉንም ክፍል በደረቁ ያገናኛል። እንዲህ ሲያደርግ ያልተስማማው መጋጠሚያ ራሱን ያሳያል፤ ይህም ሙጫው ከደረቀ በኋላ ከሚመጣ ጸጸት ያድናል።

የሙጫው ነገር በደጋ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ኤፖክሲ በቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። መመሪያው በመካከለኛ የክፍል ሙቀት ለካው ሰዓት በላስታ ሌሊት አይሠራም። ስለዚህ ማታ የተጣበቀ ክንፍ በማግሥቱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቢነካ ይሻላል። ሱፐር ግሉ የሚባለው ፈጣን ሙጫ ደግሞ አንዳንዱን የፎም ዓይነት ስለሚያቀልጥ በቅድሚያ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ መሞከር አለበት። በአንጻሩ የተጠናቀቀ ክንፍ በቀትር ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከዋለ ሊጣመም ይችላል፤ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ በአየር ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ቀጥነትን ለመፈተሽ ከክርና ከቱንቢ የተሻለ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጅራቱ ጫፍ እስከ ቀኝ ክንፍ ጫፍ የተዘረጋው ክር እስከ ግራ ክንፍ ጫፍ ከተዘረጋው ጋር እኩል መሆን አለበት። ቋሚው ጅራትም በቱንቢ ይታያል። ይህ ግንበኛው ሁሉ የሚያውቀው ጥበብ ነው።

ኤሌክትሪኩ ሲያያዝ ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ላይ መነሣት ይገባዋል። ፕሮፔለር የሚገጠመው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ሳይታሰብ የተነሣ ሞተር ጣት ይቆርጣልና። ሰርቮዎቹ በመካከለኛ ቦታቸው ከቆሙ በኋላ መግፊያ ሽቦዎቹ ይታሰራሉ። ከዚያም ገጣጣሚው ከአውሮፕላኗ በስተኋላ ቆሞ የሬዲዮውን እጀታ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል፣ በቀኝ ክንፍ ጠርዝ ያለው መቆጣጠሪያ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄዱን በዓይኑ ያረጋግጣል። ይህ ተገልብጦ የተገጠመ አውሮፕላን በመጀመሪያው ዙር ይከሰከሳል። ምክንያቱም አብራሪው ለማቃናት ባደረገው ጥረት መጠን ይበልጥ ያዘነብላል።

በመጨረሻ የሚዛን ነጥቡ ይፈለጋል። በምሳሌው ክንፍ አማካይ ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የክብደቱ ማዕከል ከፊት ጠርዙ ከ54 እስከ 64 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ ይኖርበታል፤ ይህም ከወርዱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ማለት ነው። አውሮፕላኗ በሁለት ጣቶች ከክንፎቿ ሥር ስትያዝ አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ታች ብታዘነብል መልካም ምልክት ነው። ጅራቷ ከወረደ ግን አትብረር። ከማዕከሉ 70 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው ጅራት ላይ በቸልታ የፈሰሰ 10 ግራም ሙጫ፣ 20 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው አፍንጫ ላይ 35 ግራም ማካካሻ ይጠይቃል። በአንድ ጠብታ ቸልታ 45 ግራም ክብደት ተጨመረ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ከሙጫው ጊዜ በቀር በማናቸውም ሀገር አንድ ነው። የሚዛን ነጥብ ከፍታን አያውቅም። የክንፍ ቀጥነትም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

ስስ አየርና ክንፍ

በደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ባቄላና አተር በቆላ ከሚበስልበት ጊዜ ዘግይቶ በደጋ እንደሚበስል ያውቃል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 1,013 ሄክቶፓስካል የሆነው ግፊት በላሊበላ ከፍታ ወደ 747 ይወርዳል፤ ውሃም በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ መፍላቱ ቀርቶ በ92 አካባቢ ይፈላል። ከድስቱ በላይ ያለው ይህ ስስ አየር ክንፉንም የሚሸከመው እርሱ ነው።

የክንፍ አንሺ ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከክንፉ ስፋትና ከፍጥነቱ ዳግም ርቢ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። እፍግታን ለማስላት የቦታው ግፊት በፓስካል ተወስዶ ለ287 እና ለፍጹማዊ ሙቀት ብዜት ይካፈላል። በላሊበላ በ25 ዲግሪ ቀትር 74,700 ለ287 እና ለ298 ብዜት ሲካፈል 0.873 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሰጣል። በባሕር ጠለል የሚወሰደው መለኪያ ቁጥር 1.225 ነው። ስለዚህ የላሊበላ ቀትር አየር የባሕር ጠለሉ አየር 71 በመቶ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጥንቁቅ ሰዎችን ያሳሳተ ወጥመድ አለ። በአየር ጠባይ ማሳወቂያ ላይ የሚነበበው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው። የላሊበላን ግፊት ከዚያ ላይ ፈልጎ 1,013 ሄክቶፓስካልን የሚያህል ቁጥር ያገኘና እንዳለ በስሌቱ ውስጥ ያስገባ ሰው የአየሩ እፍግታ 1.18 ይመስለዋል። ስሕተቱም ከሲሶ በላይ ይሆናል። የሚያስፈልገው በቦታው ላይ በባሮሜትር የተነበበ ግፊት ነው። አንዳንድ የእጅ ስልኮችም በውስጣቸው ይህን የሚለካ መሣሪያ አላቸው።

አሁን ወደ ምሳሌዋ አውሮፕላን እንመለስ። ክንፍ ከአንድ ዝቅተኛ ፍጥነት በታች ክብደቱን መሸከም ያቆማል። የዚህች አውሮፕላን ዝቅተኛ ፍጥነት በባሕር ጠለል በሰከንድ 7.0 ሜትር ነው። በላሊበላ በ10 ዲግሪ ማለዳ 8.1፣ በ25 ዲግሪ ቀትር ደግሞ 8.3 ሜትር ይሆናል። በአቡነ ዮሴፍ ራስ ላይ ብርዱ እያገዛት እንኳ ወደ 9 ይጠጋል።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን መመሪያው አውሮፕላኗን «ጥቂት እርምጃ ሮጦ በእጅ መወርወር ይበቃል» ቢልና ውርወራው በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት ቢሰጣት ምን ይሆናል? በባሕር ዳር ባለ ሜዳ ትበርራለች። በላሊበላ ቀትር ግን ያው ክንድ፣ ያው ሩጫ፣ ያው አውሮፕላን ሆኖ፣ ከወርዋሪው እጅ አምልጣ ድንጋይ ላይ ትወድቃለች። ገጣጣሚውም ጥፋቱን ከሙጫው፣ ከሞተሩ ወይም ከራሱ እጅ ይፈልጋል። ጥፋቱ ግን መመሪያው ላይ ያልተጻፈው አንድ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ውጤት በማረፍ ላይ ይታያል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ዳግም ርቢ ስለሚያድግ፣ በዚያ ቀትር የምታርፈው አውሮፕላን በባሕር ጠለል ከምታርፈው 40 በመቶ የበለጠ ጉልበት ይዛ መሬት ትነካለች። በአየር ላይ ለመዞር የሚያስፈልጋት ክብ ራዲየስም በዚያው መጠን ይሰፋል። በባሕር ዳር የሚበቃ ሜዳ በላስታ ይጠባል። ላስታ ደግሞ በሜዳ የታደለ ሀገር አይደለም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ዝቅተኛውን ፍጥነት ወደ 7.0 ለመመለስ ወይ ክብደቱን ከ1.1 ኪሎ ግራም ወደ 0.78 ማውረድ፣ ወይ የክንፉን ስፋት ከ0.30 ወደ 0.42 ሜትር ካሬ ማሳደግ ያስፈልጋል። የተገዛ ሣጥን ይህን ሁሉ አይፈቅድም። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ የሚወሰነው ገና በግዢው ላይ ነው። ለደጋ የሚገዛ ሞዴል በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ክንፍ ላይ የሚሸከመው ክብደት አነስተኛ መሆን አለበት። ሣጥኑ አስቀድሞ ከመጣ ግን ክብደትን በየግራሙ መቆጠብ ይቀራል። ከክብደቱ 10 በመቶ የቀነሰ ሰው ከዝቅተኛው ፍጥነት 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቀለም ይቅር፣ ጌጥ ይቅር፣ ሙጫ ይቆጠብ።

ፕሮፔለሩ

የቤንዚን ሞተር ስስ አየር ሲተነፍስ አቅሙ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ በዚህ ረገድ ለደጋ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ባይደክምም ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሰዋል።

በአንድ ዓይነት የዙር ፍጥነት የፕሮፔለር ገፊ ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር፣ የሚፈልገው አቅም ደግሞ ከእፍግታውና ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ባለ 9 ኢንቹ ፕሮፔለር በላሊበላ ቀትር ከገፊ ኃይሉ 29 በመቶ ያጣል። ከባትሪው የሚወስደው ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የዋት መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ስላሳየው «ሞተሩ ቆጣቢ ሆነ» ብሎ የሚደሰት ሰው ተታልሏል፤ የተቆጠበው ሥራው ነው።

ፕሮፔለሩ በ10 ኢንች ቢተካ ገፊው ኃይል ተመልሶ ከባሕር ጠለሉ 9 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ የሚጠይቀው አቅም ግን 21 በመቶ ይጨምራል። ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ከሞተሩ ላይ ጠርጎ የመውሰድ ችሎታው ዝቅተኛ ስለሆነ ይህ ጭማሪ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ዲያሜትሩ ሲጨምር በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ከ6 ወደ 5 ኢንች መቀነስ አለበት። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው አቅም በግምት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ዙር ቢዞር ይህ ፕሮፔለር በሰከንድ 19 ሜትር ያህል ይራመዳል። ይህም ከ8.3 ሜትሩ ዝቅተኛ ፍጥነት በእጥፍ ስለሚበልጥ ለበረራ ይበቃል። የመጨረሻው ፍርድ የስሌቱ ሳይሆን የአምፔር መለኪያው ነው። ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ እንዳይወስድ መለካት፣ ከአጭር ሙከራ በኋላም በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን ማየት ይገባል።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «መምህር፣ መመሪያው ዘጠኝ ኢንች ይላል፤ እርስዎ ለምን አሥር አደረጉት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? «ልጄ፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ውሃ የሚያፈላው በመቶ ዲግሪ ነው፤ እናትህ የምታፈላው በዘጠና ሁለት። የእርሱ አየር የአንተ አየር አይደለም» ቢባል፣ ልጁ የአንድ ዓመት ፊዚክስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተማረ ማለት ነው።

ባትሪውና ውርወራው

የሊቲየም ባትሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም። ባትሪው ሲሞላ ሰው ሊለየው አይገባም፤ ማስቀመጫውም የማይቀጣጠል መሆን አለበት። ለዚህ አሮጌ የሸክላ ምጣድ ይበቃል። በመንገደኛ አውሮፕላን ሲጓጓዝ ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ከመንገደኛው ጋር ይያዛል። የምሳሌው ባትሪ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለመንገደኛ ከተፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ነው።

ከ2.2 አምፔር ሰዓቱ 80 በመቶው ብቻ ቢሠራበትና በአማካይ 10 አምፔር ቢወሰድ፣ በረራው ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በማለዳ ብርድ የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጨምር ሰዓቱን በ8 ደቂቃ መቁረጥ ብልህነት ነው። ባትሪውንም እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ በጋቢ ጠቅልሎ ማቆየት ይረዳል።

የበረራው ሰዓት ምርጫ ሌላው መድኃኒት ነው። ማለዳ አየሩ ቀዝቅዞ ይታፈጋል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይ ያሞቀችው ተዳፋት አየሩን ወደ ላይ መላክ ይጀምራል፤ ከገደሉ አፋፍ ላይም ይናወጣል። አውሮፕላኗ ምንጊዜም ወደ ነፋሱ ትወርወር። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ፣ ከ8 ሜትሩ ውርወራ ጋር ተደምሮ 11 ይሆናል፤ ከፍታው የወሰደውን ነፋሱ ይመልሳል።

ባዶ ያልሆነው ሰማይ

ክቡራን አባላት፣ የላስታ ሰማይ ባዶ አይደለም። አሞራውና ንስሩ በተዳፋቱ ነፋስ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከታች ያሉት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ፣ ዛሬም ቅዳሴ የማይቋረጥባቸው የጸሎት ቦታዎች ናቸው። በእነርሱ ላይ ሞዴል ማብረር በሙያም፣ በሥነ ምግባርም አይገባም። በሌላ ቦታም ቢሆን አግባብ ካላቸው የሲቪል አቪዬሽንና የጸጥታ ባለሥልጣኖች ፈቃድ ሳይገኝ አንድም በረራ አይደረግ።

ከሕጉ በላይ ግን የሰው ነገር አለ። ላሊበላ በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ እጅ ገብታ ለወራት ተቸግራለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ እንደገና ግጭት ሲነሣ የከተማዋ በረራ ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል በሰው አልባ አውሮፕላን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ገልጿል። ከዚህ በኋላ አንዲት እናት ከጎጆዋ ደጃፍ ላይ ሆና ከሰማይ የሚመጣ ቀጭን የሞተር ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ የምታደርገው ልጆቿን መጥራት ነው። ለእርሷ ድምፁ የመጫወቻ መሆኑን የሚነግራት የለም። ያችን እናት ለአንድ ደቂቃ እንኳ ያስደነገጠ በረራ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢሰምር፣ የተሳካ በረራ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ሣጥኑ ተዘግቶ ይቀመጥ? አይደለም። የስሌቱ ዋና ክፍል ከመሬት ሳይነሡ ሊረጋገጥ ይችላል። ሞተሩ እኩል ክንዶች ባሉት የእንጨት ማንሻ ላይ በጥብቅ ይታሰር፤ የማንሻው ሌላ ጫፍ የኩሽና ሚዛን ይጫን። ተማሪዎቹ ከፕሮፔለሩ አንጻር ሳይሆን ከበስተኋላ፣ ራቅ ብለው ይቁሙ። ባለ 9 ኢንቹም ባለ 10 ኢንቹም በየተራ ገፊ ኃይላቸው በግራም ይነበብ፤ አምፔሩም ይመዝገብ። ያው ሙከራ አንድ ቀን በማለዳ፣ አንድ ቀን በቀትር ቢደገም፣ የሙቀቱ ልዩነት በሚዛኑ ላይ በቁጥር ይታያል። የመማሪያ ክፍሉ በር ሳይከፈት የላስታ አየር ተመዘነ ማለት ነው። የበረራው ቀን፣ ሰላሙ ጸንቶ ፈቃዱ ሲገኝ፣ ይደርሳል።

የከፍታ ገጽ

ከዚህ ሁሉ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ፣ መመሪያው ላይ አንድ ገጽ ይጎድለዋል። ያም ገጽ የከፍታ ገጽ ነው። ገጹን መጻፍ ያለበት መሣሪያውን የሸጠው ኩባንያ ሳይሆን የተቀበለው መሐንዲስ ነው፤ የቦታውን አየር የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለኤሌክትሪክ ሞተሮችና ለትራንስፎርመሮች ያወጣቸው ስታንዳርዶች መደበኛ የሥራ ከፍታ አድርገው የሚወስዱት እስከ 1,000 ሜትር ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ማስተካከያ ያስፈልጋል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ወሰን በላይ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጤና ጣቢያው የእንፋሎት ማምከኛ ነው። መመሪያው የግፊት መለኪያው 103 ኪሎ ፓስካል ሲያነብ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል ይላል፤ ይህ በባሕር ጠለል እውነት ነው። በላሊበላ ግን መለኪያው ያንኑ 103 ሲያነብ ከውጭ ያለው አየር ስስ ስለሆነ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። 121 ላይ ለመድረስ መለኪያው ወደ 130 መውጣት አለበት፤ ይህም የሚደረገው ማምከኛው የተሠራበት ወሰን ሲፈቅድ ነው። ካልፈቀደ ሙቀቱ በቴርሞሜትር ተረጋግጦ የማምከኛው ጊዜ በባለሙያ ይወሰናል። የአውሮፕላኗ መመሪያ የከፍታ ገጽ ባይኖረው የሚሰበረው የፎም ክንፍ ነው። የማምከኛው መመሪያ ባይኖረው ግን ዋጋውን የሚከፍለው ምንም የማያውቅ በሽተኛ ነው።

ስለዚህ አንድ ወጣት በጠረጴዛ ላይ ሞዴል አውሮፕላን ሲገጣጥም፣ መመሪያውን አንብቦ ሲጨርስ «ይህ ቁጥር ለየትኛው አየር ነው?» ብሎ መጠየቅ ከለመደ፣ ነገ ትራንስፎርመር ሲተክል፣ ማምከኛ ሲፈትሽም ያንኑ ይጠይቃል። ሣጥኑ የተከፈለበትን ዋጋ መለሰ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የማኅበሩ አባላት በያሉበት ከተማ ከፍታውን፣ በቦታው የተነበበውን የአየር ግፊትና የእፍግታውን ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፈው ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያውና ለወርክሾፑ ቢሰጡ፣ ወጪው አንድ ወረቀት፣ ሥራውም የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የላስታ ጠራቢዎች ከመምታታቸው በፊት አለቱን አንብበዋል። የዘመኑ ገጣጣሚም ከማጣበቁ በፊት አየሩን ያንብብ።